ስፓኒሽ ተናጋሪን እንግሊዝኛ ማስጀመር፦ ከአጫጭሮቹ ቃላት መነሣት

በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ በሆቴልም ይሥራ በምግብ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያም ይሁን በጽዳት፣ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ ወይም ከሆንዱራስ የመጣ የሥራ ባልደረባ አያጣም። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ብዙው ወገናችን አፉ ባይፈታ እንኳ የሰዋስው ደንቡን በደብተሩ ጽፎ ያለፈ ነው፤ በዚህም የተነሣ ስፓኒሽ ተናጋሪው ባልደረባ «እስቲ እንግሊዝኛ አለማምደኝ» ሲል የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እርሱን ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያን ጥያቄ በበጎ ተቀብሎ፣ በእረፍት ሰዓትም ሆነ በእሑድ ከሰዓት፣ አንድን ሰው ከመጀመሪያው ለማስተማር ለሚቀመጥ አንባቢ ነው። ለዚህ ሥራ ስፓኒሽ መቻል ግዴታ አይደለም፤ ተማሪው ከየት ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመጣ ማወቅ ግን ግዴታ ነው፤ ለእኛ የከበደን ሁሉ ለእርሱ አይከብደውምና፣ ለእኛ የቀለለንም ሁሉ አይቀለውምና።

እኛ እንግሊዝኛ ስንማር ያስቸገሩን ረጃጅሞቹ ቃላት ናቸው። «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፖሲቢሊቲ»፣ «ኔሰሰሪ» የሚሉትን ለመያዝ ደጋግመን ጽፈናል፤ «ጎ»፣ «ፑት»፣ «ጌት» የሚሉትን ግን ገና በጠዋቱ ጨርሰናቸዋል ብለን አልፈናል። ለስፓኒሽ ተናጋሪ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንግሊዝኛ በመሠረቱ ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ቢሆንም፣ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን ስለነበር፣ የሕጉ፣ የአስተዳደሩ፣ የትምህርቱና የሕክምናው ቃላት በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የተወሰዱ ናቸው። ስፓኒሽ ራሱ ከላቲን የተወለደ ነው። ስለዚህ «ኢንፎርማሲዮን» እያለ ያደገ ሰው «ኢንፎርሜሽን» የሚለው ቃል ባዕድ አይሆንበትም፤ የሚያስቸግሩት ከጥንቶቹ እንግሊዞች የወረዱት፣ በአንድ ትንፋሽ የሚባሉት የቤትና የሥራ ቃላት ናቸው። ከዚህ በታች የሚቀርበው አካሄድ ሁሉ ከዚህ ሐቅ የሚነሣ ነው፤ በቃላትም ሆነ በሰዋስው፣ ጊዜ የሚሰጠው ለትንንሹ ነገር ነው።

ተማሪው አስቀድሞ ያለው ሀብት

የመጀመሪያውን ቀን ተማሪው ሳያውቀው የሚያውቀውን በማሳየት ይጀምሩ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ደብተር የሚይዝ አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ «እኔ ምንም አልችልም» ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ይህ ስሜት ካልተነሣለት ሁለተኛውን ሳምንት አያይም። በስፓኒሽ በ«ሲዮን» የሚያልቁ ቃላት በእንግሊዝኛ በ«ሽን» ያልቃሉ፤ «ናሲዮን» «ኔሽን»፣ «ኤስታሲዮን» «ስቴሽን»፣ «ኤዱካሲዮን» «ኤጁኬሽን» ይሆናሉ። በ«ዳድ» የሚያልቁት ወደ «ቲ» ይዞራሉ፤ «ኡኒቤርሲዳድ» «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ሲዩዳድ» «ሲቲ»፣ «ሬአሊዳድ» «ሪያሊቲ» ይባላሉ። «ሜንቴ» ወደ «ሊ»፣ «ኦሶ» ወደ «እስ» ይለወጣሉ፤ «ፊናልሜንቴ» «ፋይናሊ»፣ «ፋሞሶ» «ፌመስ» ነው። እነዚህን አራት መንገዶች በወረቀት ላይ ከጻፉለት በኋላ የቀረውን ቃል እርሱ ራሱ ያውጣ፤ በስፓኒሽ የሚያውቀውን ቃል እየጠራ ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው፣ እርስዎ የሚሠሩት ማረም ብቻ ይሆናል።

ቃላቱን አስቀድሞ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ በድምፅ ማሳየት ይበጃል፤ መመሳሰላቸው የሚታየው ከድምፁ ይልቅ በፊደሉ ነውና። ለምሳሌ ሆስፒታል በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ይጻፋል፤ ነገር ግን ስፓኒሽ የመጀመሪያዋን ፊደል ሳያሰማ «ኦስፒታል» ብሎ መጨረሻው ላይ ይጫናል፣ እንግሊዝኛ ግን «ሆ»ን ያሰማል፣ የሚጫነውም እዚያው ላይ ነው። ጭነቱ የተሳሳተ ቃል፣ ፊደሉ ሁሉ በትክክል ቢጠራ እንኳ፣ ሰሚውን ግራ ያጋባዋል። እያንዳንዱን ረጅም ቃል ሲያስተምሩ የሚጫንበትን ክፍል በመስመር ያስምሩበት።

በዚያው ቀን አብሮ መነገር ያለበት ማስጠንቀቂያ አለ፤ መልካቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የተለያየ ቃላት አሉ። ነገሩ የሰው አካል እስከማጉደል ሊደርስ እንደሚችል በአሜሪካ ሆስፒታሎች ታሪክ ውስጥ በሰፊው የሚጠቀስ አንድ ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1980 በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ይገባል፤ ከኩባ የመጡት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል ይላሉ፤ በእነርሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር ጎድቶታል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ የገባቸው ግን የእንግሊዝኛው «ኢንቶክሲኬትድ»፣ ማለትም በዕፅ ወይም በመጠጥ የናወዘ የሚለው ነው፤ ስለዚህም ዕፅ አብዝቶ እንደወሰደ ሰው ታከመ፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ይፈስ የነበረው ደም በጊዜው ሳይታወቅ ቀረ፣ ወጣቱም እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ጉዳዩ የተዘጋው ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት የካሳ ስምምነት ነው።

ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቃላት መካከል የጤናዎቹ ይቅደሙ። «ኤምባራሳዳ» በስፓኒሽ ነፍሰ ጡር ማለት ሲሆን፣ «ኢምባረስድ» በእንግሊዝኛ ያፈረ ሰው ነው፤ በስፔን «ኮንስቲፓዶ» ጉንፋን የያዘው ሲሆን፣ «ኮንስቲፔትድ» ሆዱ የደረቀበት ነው። ቀጥሎ የሥራ ቦታዎቹ ይምጡ፤ «ሶፓ» ሾርባ፣ «ሶፕ» ተብሎ የሚነበበው ግን ሳሙና ነው፤ «ሮፓ» ልብስ፣ «ሮፕ» ገመድ ነው፤ «አሲስቲር» በስብሰባ ወይም በትምህርት ላይ መገኘት፣ «አሲስት» መርዳት ነው፤ «ኤክሲቶ» ስኬት፣ በየበሩ አናት ላይ በቀይ የሚበራው «ኤግዚት» ግን መውጫ ነው። «ፋብሪካ» የሚለው ቃል በስፓኒሽም በአማርኛም አንድ ነገር ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ፋብሪክ» ጨርቅ ነው። ዝርዝሩን በአንድ ቀን ማስጨረስ አያስፈልግም፤ ተማሪው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እየሰበሰበ ይጽፋቸዋል።

አንድ ትንሽ ግሥ ለአንድ ሳምንት

እንግሊዛዊው ቻርልስ ኬይ ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ባቀረበው የተመጠነ እንግሊዝኛ 850 ቃላት ብቻ ሲመርጥ፣ ከእነዚህ ውስጥ ግሦቹ 18 ብቻ ነበሩ። «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ቴክ»፣ «ጎ»፣ «ካም»፣ «ጊቭ»፣ «ኪፕ»፣ «ሌት»፣ «ሜክ»፣ «ዱ» እና የመሳሰሉት ናቸው። የኦግደንን ዝርዝር እንዳለ ማስተማር አይመከርም፤ ለዛሬ የሥራ ቦታ የማያስፈልግ ብዙ ነገር አለው። ነገር ግን ግሦቹን በተመለከተ የታየው ነገር ትክክል ነው፤ በአነስተኛ ግሥና በአንዲት መስተዋድድ ጥምረት እንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ኑሮውን ሁሉ ይናገራል።

ስፓኒሽ ተናጋሪን የሚያዳግተው ይህ ጥምረት ነው። በቋንቋው «ኤንትራር» የሚል ግሥ ስላለው «ኢንተር» ማለት ይቀለዋል፤ አለቃው ግን የሚለው «ካም ኢን» ነው። «ኤክስቲንጊር» ስላለው «ኤክስቲንጉሽ» የሚለውን ሊቃውንታዊ ቃል ያለ ችግር ይረዳል፤ እሳት ሲነሣ የሚጮኸው ሰው ግን «ፑት ኢት አውት» ይላል። ረጃጅሞቹን ቃላት ለመጻፍ የማይደፍረው የእኛ ሰው በዚህ በኩል ከእርሱ ይሻላል፤ በሥራ ላይ የሚሰማውን ትእዛዝ ያለ ትርጉም ሊፈጽመው ይችላል።

ለማስተማር የሚበጀው መንገድ አንድን ግሥ ለአንድ ሳምንት መያዝ ነው። «ፑት»ን እንውሰድ። ጠረጴዛው ላይ ኩባያ፣ ማንኪያና የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ያስቀምጡ። «ፑት ዘ ካፕ ኦን ዘ ቴብል» ብለው እርስዎ ራስዎ ያስቀምጡት፤ ቀጥሎ ትእዛዙን ለእርሱ ይስጡት። «ፑት ኢት ዳውን» ሲሉ ከእጁ ያወርደዋል፤ «ፑት ኢት ባክ» ሲሉ ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ «ፑት ኢት አዌይ» ሲሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቶ ይዘጋል። ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ቦታ ይለዋወጡና እርሱ ያዝዝ፣ እርስዎ ይታዘዙ። በዚህ መካከል ትርጉም አይናገሩ፤ እጁ ያደረገውን አፉ ይይዘዋል። በማግስቱ ሥራ ቦታ ላይ «ፑት ኦን ዩር ግለቭስ» ሲባል ያንኑ ግሥ በልብስ ላይ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ሰምቶ ያመጣውን ይጻፍ። በየሳምንቱ አንድ ግሥ እየጨመሩ ሄደው በአራተኛው ወር ገደማ አሥራ ስምንቱም ሊያልቁ ይችላሉ፤ ከዚህ መፍጠን ጥቅም የለውም።

ስፓኒሽ በአንድ ግሥ የሚላቸውን እንግሊዝኛ በሁለትና በሦስት የሚከፍልባቸው ቦታዎችም አሉ። «አሴር» አንድ ሲሆን እንግሊዝኛ «ሜክ» እና «ዱ» ይለዋል፤ «ዴሲር» አንድ ሲሆን «ሴይ» እና «ቴል» ይሆናል፤ «ኤስፔራር» ደግሞ መጠበቅም፣ ተስፋ ማድረግም፣ ይመጣል ብሎ ማሰብም ስለሆነ በእንግሊዝኛ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ለ«ሜክ» እና ለ«ዱ» የሚሰጠው ደንብ፣ ነገር ተሠርቶ የሚገኝ ከሆነ «ሜክ»፣ ሥራ የሚከናወን ከሆነ «ዱ» የሚል ነው፤ «ሜክ ኮፊ» እና «ዱ ዘ ዲሽስ» በዚህ ይገባሉ። «ሜክ ዘ ቤድ» ግን በደንቡ አይገባም፤ አልጋው አስቀድሞ አለና። እንዲህ ዓይነቱን ከነሐረጉ ማስጠናት እንጂ ማብራሪያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ሰዋስው፦ የሚረሱት ትንንሾቹ

ከባለቤቱ እንነሣ። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ባለቤቱን ከግሡ ውስጥ ያገኛል። እኛ «መሽቷል»፣ «ይዘንባል» ስንል ማን እንደመሸና ማን እንደዘነበ እንደማንጠየቅ ሁሉ፣ እነርሱም «ኤስ ታርዴ»፣ «ዩዌቤ» ብለው ያልፋሉ። እንግሊዝኛ ግን ባዶ ቦታ አይወድም፤ «ኢት ኢዝ ሌት»፣ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ማለት አለበት። ተማሪው «ኢዝ ሌት»፣ «ኢዝ ኢምፖርታንት» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ችግሩን እኛም ስለምናውቀው ለማስረዳት ከእኛ የተሻለ የለም። ለሁለት ሳምንት ያህል ዓረፍተ ነገር በጀመረ ቁጥር ጣትዎን አንሥተው «ማን?» ብለው ይጠይቁት፤ «ኢት» የምትለዋ ቃል ከጥያቄው ጋር ተጣብቃ ትቀራለች።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው «ዱ» ነው፤ ለእርሱ ሰፊ ቦታ ይስጡ። በስፓኒሽ «እዚህ ትሠራለህ» እና «እዚህ ትሠራለህ?» የሚለያዩት በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው፤ «ትራባኻስ አኪ?» በቂ ነው። አሉታውም ከግሡ በፊት «ኖ» በማስገባት ያልቃል፤ ስለዚህ ተማሪው «አይ ኖ ዎርክ ቱሞሮ» ይላል። ይህን በቃል ከማብራራት በወረቀት ቁራጮች ማሳየት ይሻላል። «ዩ»፣ «ዎርክ»፣ «ሂር» የሚሉትን በሦስት ቁራጭ ወረቀት፣ «ዱ»ን በሌላ ቀለም፣ «ኖት»ን ለብቻው፣ ኤስ የምትባለዋን ፊደል ደግሞ በትንሽ ወረቀት ይጻፉ። «ዩ ዎርክ ሂር» ብለው ሦስቱን ይደርድሩ። ለጥያቄ «ዱ»ን ከፊት ያስቀምጡ። ለአሉታ «ዱ»ን እና «ኖት»ን ከ«ዩ» ቀጥሎ ያስገቡ። ቀጥሎ «ዩ»ን አንሥተው «ሺ»ን ይተኩ፤ አሁን ትንሿ የኤስ ወረቀት ትመጣና «ዎርክ» ላይ ትለጠፋለች፤ «ሺ ዎርክስ ሂር» ይሆናል። ጥያቄ ሲሆን ያችው ወረቀት ከ«ዎርክ» ተነሥታ ወደ «ዱ» ትዛወራለች፤ «ደዝ ሺ ዎርክ ሂር?»። ተማሪው በገዛ እጁ ወረቀቷን ሲያዛውር፣ ኤስ አንድ ብቻ እንደሆነችና ሁለት ቦታ ልትገኝ እንደማትችል ያያል። ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሻገሩም ሥራው ያው ነው፤ «ዲድ» ጊዜውን ሲወስድ ግሡ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ «ዲድ ሺ ዎርክ» እንጂ «ዲድ ሺ ዎርክድ» አይባልም።

ይህች ኤስ የምትረሳበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ብዙ አስተማሪ አያስተውለውም። የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች እንዲሁም ብዙ የኤል ሳልቫዶር፣ የሆንዱራስና የኒካራጓ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው በክፍለ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን የኤስ ድምፅ ወደ ትንፋሽ ያሳንሷታል ወይም ፈጽመው ይጥሏታል፤ «ሎስ አሚጎስ» በአፋቸው «ሎህ አሚጎ» ወደሚል ይቀርባል። እንዲህ ያለ ተማሪ «ሺ ዎርክ» ሲል ደንቡን አላወቀም ብለው አይፍረዱበት። በጽሑፍ ይፈትኑት፤ ሲጽፍ ካስገባት ችግሩ የአፍ ነው፤ መድኃኒቱም ሰዋስው መድገም ሳይሆን የቃል መጨረሻን እያስረዘሙ ማስጮህ ነው።

በስፓኒሽ ዕድሜ፣ ረሃብ፣ ጥም፣ ብርድ፣ ሙቀት፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ሁሉ ሰው «ያለው» ነገር ነው፤ «ቴንጎ አምብሬ» ማለት ቃል በቃል ረሃብ አለኝ እንደማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚጠቀመው «ቢ» የተባለውን ግሥ ነው። «አይ ሃቭ ሰርቲ ይርስ» ስሕተት፣ «አይ አም ሰርቲ» ትክክል ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ በአንድ ቀን ይያዛሉ፤ በየዕለቱ «ተርበሃል? ቀዝቅዞሃል? ዕድሜህ ስንት ነው?» የሚሉትን በእንግሊዝኛ እየጠየቁ መጀመር ይበቃል።

የቅጽል አቀማመጥ ብዙ ማብራራት አይፈልግም። ስፓኒሽ ስሙን አስቀድሞ ቅጽሉን ያስከትላል፤ እንግሊዝኛ ግን እንደ አማርኛ ቅጽሉን ያስቀድማል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት መኖሪያ በስፓኒሽ «ላ ካሳ ብላንካ»፣ በእንግሊዝኛ «ዘ ኋይት ሀውስ» መባሉን የማያውቅ የለምና ይህን አንድ ምሳሌ ይስጡት፤ ሲሳሳት ምሳሌውን ማስታወስ ብቻ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፤ በስፓኒሽ ስሙ ሲበዛ ቅጽሉም ይበዛል፣ በእንግሊዝኛ ግን ቅጽል አይበዛም። የዘርፍ አያያዙም እንዲሁ በአማርኛ ይቀላል፤ የማሪያ ቤት ስንል ማሪያ እንደምትቀድመው በእንግሊዝኛም «ማሪያስ ሀውስ» ትቀድማለች፣ በስፓኒሽ ግን ቤቱ ይቀድማል።

«ሱ» የምትለዋ የስፓኒሽ ቃል የእርሱም፣ የእርሷም፣ የእነርሱም፣ የእርስዎም ናት። ስለዚህ ተማሪው ስለ እኅቱ ሲያወራ «ሂዝ ሀዝባንድ» ቢል፣ ባሏን ማለቱ ነው። ይህን ስሕተት ወዲያው ያርሙት፤ ሰሚው ሌላ ታሪክ ስለሚገባው። የቤተሰብ ፎቶግራፍ በስልኩ ላይ ከፍቶ ሰው እየጠቆመ ማን የማን እንደሆነ ሲናገር መለማመድ፣ ከመልመጃ መጽሐፍ ይልቅ ውጤት ያመጣል።

አርቲክልን፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚመጡትን «ኤ»ን እና «ዘ»ን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ አስተምሮ ሌላውን ለጊዜው ማሳደር ይሻላል። አንደኛው፣ በጥቅሉ ስለ ሕይወት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ገንዘብ ሲወራ ስፓኒሽ አርቲክል ሲያስገባ እንግሊዝኛ አያስገባም፤ «ላ ቢዳ ኤስ ዱራ» የሚለው «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሙያ ሲነገር ስፓኒሽ አርቲክሉን ይተዋል፣ እንግሊዝኛ ግን «አይ አም ኤ ኩክ» ይላል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ ቃል ስለሌለን እኛም የምንሳሳትበት ቦታ ነው፤ አስተማሪውም አብሮ ይጠንቀቅ። የድርብ አሉታም ነገር ከዚሁ ወገን ነው፤ እኛ «ምንም የለኝም» እንደምንል እነርሱም «ኖ ቴንጎ ናዳ» ይላሉ፣ መደበኛው እንግሊዝኛ ግን አንዱን አሉታ ብቻ ይቀበላል።

«ኤን» የተባለችው መስተዋድድ በእንግሊዝኛ «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» ሆና ትከፈላለች። በጊዜ ቢጀምሩ ይቀላል፤ ዓመትና ወር በ«ኢን»፣ የሳምንቱ ቀን በ«ኦን»፣ ሰዓት በ«አት» ይነገራል። የተማሪውን የሥራ ሰሌዳ ይዘው በየቀኑ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ማስነበብ ለዚህ የተሻለ መልመጃ ነው።

ድምፅና ፊደል

ስፓኒሽ አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። የእኛ ፊደል ሰባት ቤት ስላለው ሁለት ትርፍ ድምፅ አለን፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሚያጣቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ መኖርና ለቅቆ መሄድ በአጭሩና በረጅሙ አናባቢ ይለያሉ፤ እርሱ ግን ሁለቱንም «ሊቭ» ብሎ በሣልስ ይጠራቸዋል፤ «እዚህ እኖራለሁ» ለማለት ፈልጎ «ከዚህ እሄዳለሁ» ሊል ይችላል። የእኛ ሳድስ ከአጭሩ ድምፅ ጋር ልክ አንድ ባይሆንም ይቀርበዋል፤ ስለዚህ «ልቭ» እና «ሊቭ» ብለው አፍዎን እያሳዩ ይጥሩለት። እንዲሁም መቁረጥና ድመት ለእርሱ ሁለቱም «ካት» ናቸው፤ በግእዙ ድምፅ «ከት» ብሎ መቁረጥን መለየት ይቻላል።

ቃልን በኤስና በሌላ ተነባቢ መጀመር በስፓኒሽ ስለሌለ «ኤስቶፕ»፣ «ኤስኩል» ይላሉ። እስክሪብቶ የምንል እኛ ይህን ልንወቅስ አንችልም፤ ልምምዱ ግን ቀላል ነው፤ ኤስን ብቻ እስኪደክመው ድረስ አስረዝሞ ከዚያ «ቶፕ» ይበል፣ ቀስ በቀስም ያሳጥራት። «ሽ» እና «ች» ሌላው ነው፤ ብዙው ስፓኒሽ ተናጋሪ «ች» እንጂ «ሽ» የለውም። «ብ» እና «ቭ» በስፓኒሽ አንድ ድምፅ ናቸው፤ «ቨ» በአማርኛም ከውጭ ቃላት ጋር የመጣች ፊደል ስለሆነች፣ ከማስተማርዎ በፊት የራስዎን አነጋገር ይፈትሹ።

የፊደላቱ መጠሪያ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ተማሪው ክሊኒክ ስልክ ደውሎ ስሙን ፊደል በፊደል ሲናገር፣ በስፓኒሽ «ኤ» ብሎ የሚጠራት ፊደል በእንግሊዝኛ «ኢ» ናት፤ በስፓኒሽ «ኢ» ብሎ የሚጠራት ደግሞ በእንግሊዝኛ «አይ» ናት። ተማሪው በስፓኒሹ ልማድ ከነገራቸው ቀጠሮው በሌላ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ስሙን፣ የመንገዱን ስምና የኢሜይል አድራሻውን በእንግሊዝኛው የፊደል መጠሪያ ያለ ስሕተት እስኪናገር ድረስ ያስደግሙት።

የልምምዱ አያያዝ

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ትምህርት ይበልጣል። በአንድ ቀን ቆይታ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጠው ያርሙ፤ ዛሬ «ኢት» ከሆነ ኤስ ብትረሳም ይለፉ። ሁሉንም የሚያርም አስተማሪ ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ አይማርም። በዕድሜ ከእርስዎ የሚበልጥ ከሆነ በሰው ፊት አያርሙት። ቃላትን ነጠላ አድርጎ ማስጻፍም መቅረት አለበት፤ እያንዳንዱ ቃል ተማሪው ነገ በሥራው ላይ ሊናገረው በሚችለው አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጻፍ። ከዚህ ጎን ለጎን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የማኅበረሰብ ኮሌጆች በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚሰጡት የእንግሊዝኛ ትምህርት ስላለ፣ ምዝገባውን እንዲያገኝ ይርዱት፤ የእርስዎ እገዛ እርሱን የሚተካ አይደለም።

ተማሪው ለዜግነት የሚዘጋጅ ከሆነ፣ የፈተናው የእንግሊዝኛ ክፍል ከሚፈራው በታች እንደሆነ ይንገሩት። ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን ደግሞ ሲነበብለት መጻፍ ይጠበቅበታል፤ የሚጠየቁበትን ቃላት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በነፃ ዘርዝሮ አውጥቷል። ዕድሜው 50 ሆኖ ቋሚ ነዋሪነቱ 20 ዓመት የሞላው፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የሞላው ሰው ከእንግሊዝኛው ክፍል ነፃ ሲሆን የታሪኩንና የመንግሥት አሠራሩን ጥያቄ በገዛ ቋንቋው መመለስ ይችላል። ለሌላው ግን ዝርዝሩ የሚያረካ ነገር ነው፤ ከስም በስተቀር አብዛኛው እስካሁን እንደያዝናቸው ያለ አጭር ቃል ነው።

ከእነዚያ ቃላት «ዘ ፕሬዝደንት ልቭስ ኢን ዘ ኋይት ሀውስ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሠርተው በየሁለት ሳምንቱ በቃል እየነገሩ ያስጽፉት። አርቲክሉ፣ የግሡ ኤስ፣ አጭሩ አናባቢ፣ «ኢን» እና የቅጽሉ ቦታ ሁሉም በዚህ አንድ መስመር ውስጥ ይገኛሉ። ኤስን ከጣለ ወደ ወረቀት ቁራጮቹ ይመለሱ፤ «ኢን»ን በ«ኦን» ከለወጠ የሥራ ሰሌዳውን ያውጡ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የሚወሰነው በጣለው ፊደል ነው።